የሰይፈ ሚካኤል ቀኝ እጅ

ስለ ሰይፈ ሚካኤል ልጽፍ ነው። ከኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ግን ያን ቀን አጠገቡ የነበርኩት እኔ ቡልቻ ነኝ፣ እንግዲህ እንደምችለው ልሞክር።

ሰይፈ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ኑሪ ብረታ ብረት ቤት ከኔ ጋር ነው የሚሠራው። በርና መስኮት እንሠራለን። አባቱ የባቡር ሰው ነበሩ፤ ብረት የለመደው ከሳቸው ነው። ዝምተኛ ነው። ሰላምታ ላይ ግን የሚያክለው የለም። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ እንደ መጋላ ሙስሊም እጅ ተሳስሞ ነው ሰላም የሚለው፤ አንተ የሱን ትስማለህ፣ እሱ ያንተን ይስማል፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ። ኑሪ፣ የቤቱ ጌታ፣ "ይሄ ሰውዬ ጁምዓ ብቻ ነው የቀረው" እያለ ይቀልድበታል።

አንድ ልማድ ነበረን። ቀን በሙቀቱ መብራት ሲሄድ ምንጣፍ ዘርግተን ጋደም እንላለን። የምንሠራበትን ማሽን ግን አናጠፋውም። መብራት ሲመጣ ራሱ ጮሆ ይቀሰቅሰናል ብለን ነው። ብልህ የሆንን መስሎን።

ያን ቀን ሰይፈን እንቅልፍ እምቢ አለው። ተነስቶ ትራፓኖውን፣ ብረት የምንበሳበትን ማለቴ ነው፣ ማጽዳት ጀመረ። እጁ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ መብሻው ላይ የተጠመጠመውን የብረት ፍቅፋቂ ይጠርጋል። ማሽኑ ዝም ስላለ ልማዳችንን ረስቶ የጠፋ መሰለው መሰለኝ።

ከጎረቤት "መጣ!" ሲሉ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰይፈን ጩኸት። ጨርቁ ከነእጁ ተጠምጥሟል። ዘልዬ ማጥፊያውን መታሁት።

ኑሪ እጁን በገዛ ፎጣው ጠቀለለለትና በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሚስቱ ስምረት እየሮጠች መጣች። ሰይፈ እጁን ማየት ፈርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

"ስምረት፣ እይልኝ እስቲ። አሉ?"

"አሉ። አምስቱም አሉ።"

"አትዋሺኝ።"

"ዞረህ እይ እንግዲህ፣ አንተ ፈሪ!" አለችው እያለቀሰች።

ሐኪሟ ሰፍታ ስትጨርስ ጣቶቹ ይተርፋሉ አለች። መያዝ መቻላቸውን ግን ሲድን ነው የምናየው አለች። እኛን ያስጨነቀን ይቺ ነች። የማይይዝ እጅ ይዞ ብረት ቤት ምን ይሠራል?

ቁስሉ ደረቀ፣ ሰይፈ ግን ከቤት አልወጣ አለ። ሰው ሰላም እንዳይለው ነው። አንድ እሁድ እኔና ኑሪ ሄድን። ስምረት በሩን ከፍታ፣ "ግቡ፣ ያውላችሁ። በድሬ ሙቀት ጃኬት!" አለች። እውነቷን ነው፤ ቀኙን ኪሱ ከቶ ተቀምጧል። ተነሳና ለኑሪ ግራውን ዘረጋ።

ኑሪ አልተቀበለውም። "ወሪያ! ምን አድርጌህ ነው ግራህን የምትሰጠኝ?"

"ቀኙ አይይዝም፣ ኑሪ።"

"ብረት ያዝልኝ መች አልኩህ? ሰላም በለኝ አቦ!"

ከኪሱ አወጣው። ከስቷል፣ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። ኑሪ ይዞ ሳመው። ከዚያ ተራው የሰይፈ ነው፤ እንግዲህ ካልያዘ አይስም። ጣቶቹ ዝም አሉ። እኔ ማየት ከብዶኝ መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል፣ ዘይት እንዳልነካው ማጠፊያ ቀስ፣ ቀስ እያሉ የኑሪ እጅ ላይ ተከደኑ። ወደ አፉ አንስቶ ሳመው። ከዚያ አልለቅም አለ።

"አቦ ቀስ! ሰበርከኝ እኮ!" አለ ኑሪ።

ስምረት እልል አለች። ሰይፈ ጃኬቱን አወለቀና፣ "ሞቀኝ" አለ።

አሁን ሥራ ገብቷል። ትንሿ ጣቱ አትታጠፍም፣ ከባድ ብረትም አናስነሳውም። መብራት ሲመጣ የሚቀሰቅሰን አሁን ሬዲዮ ነው፤ እሱን ብቻ ክፍት እንተዋለን። ማሽኑን ግን እናጠፋለን። ማጥፊያውን የሚጫነው ሰይፈ ነው፣ በቀኝ እጁ፤ ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም።