አንቺ ካልቀመስሽው

ባለፈው ሰሞን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አካባቢ ሳልፍ፣ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ጠባቂው ፊት ስትጎርስ አየሁ። ለእስረኛ ምግብ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፤ ደንቡ ነው። ሌላው ሰው ልብ ሳይላት ያልፋል፣ እኔ ግን ቆም አልኩ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አቃቂ አሥረኛ ክፍል ስማር ሰው ገጭቶ ታሰረ። ክረምት ነው፤ እኔና እናቴ ጭቃው ጫማችንን እየነቀለ ስንቅ እናመላልሳለን። እናቴ በጭንቀት አጥንቷ ብቻ ቀረ። እስኪፈታ ድረስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ላትቀምስ ተስላ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስም እህሉ አልወርድ ይላታል። ስለዚህ የሠራችውን የሽሮ ፍትፍት በር ላይ የምቀምሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ይህን ለአባቴ ነገርኩት። ትንሽ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠና ከአጥሩ ማዶ እናቴን ተመለከታት።

«ዘነቡ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ካልቀመስሽው አልበላም።»

«ስለት ነው እኮ፤ ላንተው ብዬ።»

«እኔ ነገሬን ለእግዚአብሔር ሰጥቼ እንቅልፌን እተኛለሁ። አንቺ ደጅ ሆነሽ ለምን ትታሰሪያለሽ? ቢያወጣኝም ባያወጣኝም ብይ፤ አደራ።»

እናቴ የንስሐ አባታችንን አማክራ ስለቷን በጸሎት አስለወጠች። በሚቀጥለው ጉብኝት በሩ ላይ እንባዋ እየወረደ ጎረሰች። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ሰው መሰለች፤ ስንመለስም የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን እናዘግም ጀመር። እንደሚፈታ እርግጠኛ ሆና አልነበረም። መጨነቁን ብቻ ትታው ነበር።

አባቴ ፍርዱን ሳይሰማ ታሞ ሐኪም ቤት ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤቶች እናቴን ለምነው ሊያበሏት ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን ገና ሲቀርብላት እጇን ታጥባ፣ እያለቀሰች በላች። ሴቶቹ ተያዩ። እኔም አፈርኩባት፤ የቀረበልኝን ገፍቼ ወጣሁ። ባሏ የሞተባት ሴት እንዴት እህል ይወርድላታል ብዬ ለወራት አኮረፍኳት።

ከዓመታት በኋላ እኔም ባሌን ቀበርኩ። በለቅሶው ሰሞን አንድ ጉርሻ መዋጥ ስንት እምነት እንደሚጠይቅ አየሁት። እናቴ አሁን የለችም። ያን ቀን አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከዚያው ትሪ አብሬያት ብቆርስ ምን ነበረበት እላለሁ።