የጎረቤቴ ጉቶና የማኅበሩ ጠላ

ይህ የደረሰብኝ አምና፣ የኅዳር ማርያም ዕለት ነው። የምኖረው ዳባት ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በዕድሜዬ ብዙ ድግስ ደግሻለሁ። እንግዶቼን ከተቀመጡበት አስነሥቼ በሰልፍ ጤና ጣቢያ የወሰድኩት ግን ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አይረሳኝም።

የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። በጓሮዬ፣ አጥሩ ሥር፣ ጥቂት የጌሾ ተክሎች ነበሩኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቅጠላቸው እየተጠቀለለ ተኮማተረ። በዚያ ወራት ከስሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ አያድርስ ነውና ውርጭ የመታቸው መሰለኝ። ጨርሶ ሳይበላሽ ልጠቀምበት ብዬ ቆረጥኩት። አድርቄ፣ ወቅጬ የማኅበሩን ጠላ ጠነሰስኩበት።

በዕለቱ ሰው ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰበ። መምሬ አድማሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ጥሩ ወጥቶልኝ ስለነበር ሁሉም እያመሰገነኝ ይጠጣል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

በመጨረሻ ጎረቤቴ አያ ጥጋቡ ገቡ። ደባርቅ ወንድማቸው ዘንድ ሰንብተው ገና መመለሳቸው ነበር። ቀድቼ ሰጠኋቸው። ዋንጫውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ በተከፈተው የጓሮ በር በኩል ወደ አጥሩ አዩና እጃቸው ቀጥ አለ።

«የሺ፣ ጌሾውን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኛ። ውርጭ መቶት።»

«የት አደረግሽው?»

በእጃቸው ወደያዙት ዋንጫ አመለከትኳቸው።

አያ ጥጋቡ ዋንጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ውርጭ አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፋቸውን እንዳስቆረጡ አውቅ ነበር። ጉቶው እንደገና እያቆጠቆጠ ስላስቸገራቸው ለካ ዛፍና ቁጥቋጦ የሚያደርቅ መድኃኒት ገዝተው ቀብተውታል። እሳቸው በቀቡ በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ቦታው ወደ እኔ ያዘነበለ ነው፤ ውኃው መድኃኒቱን አጥቦ በአጥሩ ሥር ወደ ጌሾዬ አውርዶታል። ይህን ሁሉ እዚያው እንደቆሙ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

ቤቴ ውስጥ ካህን አለ፣ አረጋውያን አሉ፤ ሁሉም ከእጄ ጠጥተዋል። እኔም ጠጥቻለሁ፣ ስለ ራሴ ግን ትዝም አላለኝ።

ደግነቱ በግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ሰላማዊት እኔው ግቢ ተከራይታ ትኖራለች፤ አብራን ተቀምጣ ነበር። አያ ጥጋቡ ሮጠው ጠርሙሱን አመጡላት። የተለጠፈበትን ጽሑፍ ስታነብ ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን።

«ይህ የሚያደርቀው ዛፍንና ቅጠለ ሰፊ ተክልን ነው» አለች። «ሣርና ገብስን ብዙም አይጎዳም። በጠላው ውስጥ የገባውም ጥቂት ቢሆን ነው። ቢሆንም ለሰው የሚጠጣ ነገር አይደለምና ሐኪም ይያችሁ። ጠርሙሱን ይዘን እንሂድ።»

መምሬ አድማሱ መስቀላቸውን እያነሡ «ልጄ፣ እኔ የምመደበው ከየትኛው ነው?» አሏት። «ከገብሱ ነው ከቅጠለ ሰፊው?»

«ከገብሱ ይሁኑልን፣ መምሬ» አለች።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እንዲህ ሆነን ወጣን። ከፊት መምሬ፣ ከኋላ ነጠላ ያጣፋው ማኅበርተኛ፣ ጠርሙሱን ይዘው አያ ጥጋቡ። ያየን ሁሉ ታቦት የወጣ መስሎት ከመንገድ እየቆመ ያሳልፈናል። አንዲት ሴትማ እልልታዋን ለቀቀችው።

ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ጽሑፉን አነበበ፣ ስልክ ደውሎም ጠየቀ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መረመረን። እትዬ ዘነቡ ብቻ ሆዴን ቆረጠኝ አሉ። ሐኪሙ ምን እንደበሉ ሲጠይቃቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ፣ ባዶ ሆዳቸውን ጠላውን እንዳስቀደሙ ተናገሩ። ዳቦ ተገዝቶ ሲበሉ ለቀቃቸው። ሌሎቻችንን ውኃ ጠጡ፣ ካስመለሳችሁ ወይም ካማችሁ ቶሎ ተመለሱ ብሎ ሸኘን። ከመካከላችን የተመለሰ የለም።

የቀረውን ጠላ ቦይ ውስጥ ልደፋው ስል ሰላማዊት ከለከለችኝ፤ ቦዩ የሚወርደው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ነው። አያ ጥጋቡ ከውኃ ራቅ ያለ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። መድኃኒቱ በፀሐይና በአፈሩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እየተሰባበረ እንደሚጠፋ፣ እንደ እኛ አገር ባለ ቀዝቃዛ መሬት ግን እንደሚዘገይ የነገረችን እሷ ናት። መጥፋቱን የምናውቀውም ከአጥሩ ሥር አፈር በጣሳ ወስደን ባቄላ ስንዘራበት ነው፤ መድኃኒቱ ካለ ባቄላው ይጠማዘዛል አለች።

ዘራሁ። የመጀመሪያው ባቄላ ገና ሲበቅል ተጠማዘዘ። አያ ጥጋቡ በየጠዋቱ በአጥር አንገታቸውን አስግገው «እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ በሽተኛ የሚጠይቁ ነው የሚመስሉት። ክረምቱ ገብቶ ድጋሚ የዘራሁት ቅጠሉን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የዚያን ዕለት ጣሳውን ታቅፌ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አሳየኋቸው። በሳምንቱ የጌሾ ችግኝ ይዘውልኝ መጡ፤ ጉድጓዱንም ራሳቸው ቆፈሩልኝ።

በጊዜው ተናድጄባቸው ነበር፤ ድግሴን ስላበላሹብኝ። አሁን ሳስበው ግን፣ ያን ዋንጫ አስቀምጠው ሆዴን አሞኛል ብለው ቢወጡ ማን ያውቅባቸው ነበር? እኔም ውርጩን እየረገምኩ እኖር ነበር።

ጎንደር ያለችው ልጄ ቤቱን ሽጠሽ ነይና አብረን እንኑር እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እንዲህ ያለ ጎረቤት ትቼ የት ልሂድ እላታለሁ።