ጣራ ያለው ሜዳ

መሐል ሜዳ ከተማ ስማር የስፖርት አስተማሪያችን ገና ከኮሌጅ የወጣች ቀጭን ሴት ነበረች። የሜዳ ቴኒስን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር እየሳለች አስተምራናለች፤ ግጥሚያ ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ይህንንም አልደበቀችንም።

በበልግ አንድ ቅዳሜ እኔና ጓደኛዬ ከእሷ ጋር ከገበያ ስንመለስ በረዶ ጣለና አንድ ሻይ ቤት ገባን። ወንዶቹ ዲሽ ባለው ቴሌቪዥን እግር ኳስ ሊያዩ ተሰብስበዋል። የእግር ኳሱ ሰዓት ስላልደረሰ በቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሴቶች በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቴኒስ ይጫወታሉ። አስተማሪያችን ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ጣራ አለው» አለች ቀስ ብላ። «ለካ ቤት ውስጥም ይጫወቱታል።»

የበግ ጠጉር ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ እነዚህ ሴቶች ሥራቸው ይኸው ነው?»

«አዎ አባባ፣ እንጀራቸው ነው።»

«ነጥቡ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ ብሎ ሲያበቃ አርባ ይላል። አርባ አምስቱን ምን በላው?»

«እሱን እኔም አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለች፤ ምንም አላፈረችም።

አጭሯ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። በሁለተኛው ወድቃ ጉልበቷ በፋሻ ታሰረ።

«አለቀላት፤ ቀይሩት» አለ አንዱ።

«አላለቀም» አለች አስተማሪያችን። «ይኼ እንደ እግር ኳስ ሰዓት የለውም። የመጨረሻዋ ነጥብ እስካልተወሰደባት ድረስ አልተሸነፈችም።»

ያቺ ሴት እያነከሰች ኳስ በኳስ ተመለሰች። የእግር ኳሱ ሰዓት ሲደርስ የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን አነሣች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «ተይ እንጂ፣ ይህችን ሳንሸኝ?» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ስታሸንፍ ሻይ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። አስተማሪያችን ግን አላጨበጨበችም። አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታይ ቆየች።

ሰኞ ጧት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። ብርድና ዝናብ እኛን ሴት ተማሪዎቹን ከሜዳ ያስቀረን እንደነበር ነግራቸው የትምህርት ቤቱን ባዶ መጋዘን ለመጫወቻ ለመነች፤ ፈቀዱላት። ወለሉን አብረን ጠረግን፤ በኖራ መስመር አሰመረች፤ ገመድ እንደ መረብ ወጠረች። ራኬቱን አናጢ ከሳንቃ ቆረጠልን።

ከወር በኋላ የሴቶች ውድድር አደረግን። እናቶቻችን ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አስተማሪያችን ነጥብ ስትቆጥር ድምጿ አልሰማ አለን፤ በጣቶቿ እያሳየችን እስከ መጨረሻው ተጫወትን።