በነጎድጓድ የሚነቀለው ሰርቨር

«ዕድሜዬን ሙሉ ነጎድጓድ ሲመጣ ሶኬት ስነቅል ነው የኖርኩት! አስመራም ነቅያለሁ፣ አዲስ አበባም ነቅያለሁ። ቴሌቪዥኑን ከመብረቅ አዳኑልን ተብዬ ተመረቅኩ እንጂ ወንጀለኛ የተባልኩት ገና ዛሬ ነው!»

አደይ ለተንሳኤ ይህን የሚሉት ቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ቆመው፣ የነቀሉትን ገመድ እያወዛወዙ ነው። ውጭ የዴንቨሩ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ሰማይ እንደ አገሩ በጋ ልማዱ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ ያጓራል።

«አደይ፣ ይሄ እኮ ቴሌቪዥን አይደለም» አለ ፍሉይ። የሟች ልጃቸው የአክስት ልጅ ነው። «ሰርቨር ነው፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ የተቀመጡበት ኮምፒውተር። በድንገት ሲነቀል ያብዳል።»

«አንተ ዝም ብለህ ታክሲህን ንዳ!»

«ታክሲ ቀረ እኮ አደይ፣ አሁን በአፕ ነው የምነዳው።»

«እንግዲያው አፕህን ንዳ!»

ምራታቸው ውባየሁ መሃላቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። የምትሠራው ሎውሪ ሰፈር፣ አረጋውያን ቤት ነው። ገና መግባቷ ስለሆነ ዩኒፎርሟን እንኳን አላወለቀችም። ሾርባ የሚደፉባትን ሽማግሌዎች ስታባብል የምትውል ሴት በሁለት ሰው ጩኸት አትደነግጥም።

«አደይ፣ ገመዱን ለኔ ይስጡኝ» አለች።

ሰጧት። ሰካችው። የሰርቨሩ ሳጥን አጉረመረመ፣ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ፤ ቆየት ብሎ ስክሪኑ ላይ ያ የፈረደበት ቀይ ጽሑፍ መጣ። የፓሪቲ ስህተት።

ለአንድ ሳጥን ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የአደይ ልጅ፣ የውባየሁ ባል ደበሳይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዴንቨርና የአውሮራ ሐበሻ ቪዲዮ አንሺ ነበር። እሱ ሳይቀርጸው ያገባ ሰው ያገባም አይመስለው። ራሱ ግን አንዱም ቪዲዮ ላይ የለም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ከየት ይታያል? ያለው ድምፁ ነው። «ሙሽሪት፣ ቀና በይ እንጂ!» ይላል። «አንተ ወፍራሙ፣ ከመብራቱ ዞር በል!» ይላል። ሰዎች ቀለበት ሲያስሩ እሱ ከኋላ ያስላል።

እሱ ሲሞት ውባየሁ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያጫወተች ወደ ዲስክ ገለበጠቻቸው። ዓመታት ፈጀባት። ያስተማራት የለም፤ አውቶቡስ ላይ በስልኳ እያየች ተማረች፣ የሳጥኑን ዕቃ ቀስ በቀስ እየገዛች ገጣጠመች። ኋላ በረዶ እንቁላል እያከለ ወርዶ ጣሪያውን ሲበሳው፣ ጋራዥ የተቀመጡት ካሴቶች ርሰው ተጣሉ። ስለዚህ የሰውዬው ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ከዲስኮቹ አንዱ መታመም ጀምሯል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሊሞት ይችላል።

ዲስክ ቢሞትም መላ አለው። ከዲስኮቹ መሃል አንዱ ቪዲዮ የሚባል ነገር አይዝም፤ የሌሎቹን ድምር ብቻ ነው የሚይዘው። ፓሪቲ የሚሉት እሱን ነው። ውባየሁ ለአደይ ስታስረዳቸው፣ «አዲስ አበባ ሲሄዱ ሻንጣዎቹን ሁሉ አንድ ላይ መዝነው ድምሩን ያዙ እንበል» አለቻቸው። «አንዱ ሻንጣ ቢጠፋ፣ የቀሩትን መዝነው ከድምሩ ሲቀንሱ የጠፋው ስንት ኪሎ እንደነበር ያውቃሉ።»

«ኪሎውን ስላወቅኩ ሻንጣዬ ይመጣል?»

«እዚህ ሳጥን ውስጥ ይመጣል።»

«ታዲያ አየር መንገዶቹ ለሻንጣም ይሄንኑ አይገዙም?» አሉ አደይ።

ችግሩ፣ አሁን ድምሩ ከሻንጣዎቹ ጋር አልገጥም አለ። በውሸት ድምር ላይ ተመሥርታ አዲስ ዲስክ ብታስገባ፣ ሳጥኑ ቁጭ ብሎ የውሸት ቪዲዮ ይሠራል። የደበሳይ ድምፅ ጭርርር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«አስተካክል የሚል ቁልፍ አለ አይደል እንዴ?» አለ ፍሉይ። «ተጫኚውና እንገላገል ውቤ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቋል።» አደይን በዓይኑ ጠቆመ።

«ድምሩ ነው የተሳሳተው ወይስ መዛኙ? ሳላውቅ አልጫንም።»

ሥራ ቦታዋ አንድ ሽማግሌ አዞረኝ ሲሉ ሁለት መድኃኒት በአንድ ቀን አይቀየርም፤ የትኛው እንዳዞራቸው አይታወቅማ። አንዱ ተቀይሮ ይታያል፣ ይጠበቃል። ውባየሁም ሳጥኑን እንደዚያው ልታስታምመው ወሰነች። አንብብ እንጂ ምንም እንዳትነካ ብላ አዘዘችው።

መጀመሪያ ባትሪ ገዝታ ግድግዳውና ሳጥኑ መሃል አስገባች፤ ሶኬቱ ቢነቀል ሳጥኑ እንዳይጠፋ። በማግሥቱ ሰማዩ ሲያጓራ አደይ ወርደው እንደ ልማዳቸው ነቀሉ። ባትሪው እሪ አለ። አደይ አማትበው መልሰው ሰኩና፣ «ይሄስ ራሱ መብረቁን ያባርረዋል» ብለው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልነኩትም።

ስህተቱ ግን አልጠፋም። ውባየሁ ሳጥኑን ደጋግማ አስነበበችው፤ አንዱ ንባብ ከቀን በላይ ይፈጃል። በጨረሰ ቁጥር ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ ታነሳና ታስተያያለች። እናም አንድ ነገር አየች፤ ስህተቶቹ በየጊዜው ቦታ ይቀያይራሉ።

«አደይ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለቻቸው። «የመነቀል ጠባሳ ቢሆን አንድ ቦታ ረግቶ ይቀመጥ ነበር። ይሄ ይዞራል። አሁን፣ እኛ እያየነው፣ የሚዋሽ አለ።»

«ተናግሬ ነበር!» አሉ አደይ። ከመርገም በቀር ምንም አልተናገሩም ነበር።

የዲስኮቹን ገመዶች ቀየረች። ያው ነው። የቀረው ሚሞሪው ነው፤ ሳጥኑ ያነበበውን ለጊዜው የሚይዝበት ቁራጭ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አለች። ምክንያቱም ከሁለቱ ሚሞሪዎች አንዱ የፍሉይ የፋሲካ ስጦታ ነው። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር አንድ ሰው ጋራዡ ደጃፍ ዕቃ ሲሸጥ አግኝቶ ገዝቶ፣ ሪባን አስሮበት ነው ያመጣው። የበዓል ስጦታ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይጣልም። የሰጠ ሰው ሲመጣ ሥራ ላይ ውሎ ማየት አለበት። ፍሉይም በመጣ ቁጥር ሳጥኑን እንደ ጥጃ ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ እንዴት ነው?» ይላል። ባይሰጣት ኖሮ አታስገባውም ነበር፤ ሳጥኑ ሚሞሪ አላነሰውም።

ሁለቱንም ለየብቻ መረመረቻቸው። የቀድሞው ንጹሕ ሆነ። የፍሉይ ሲገባ ስክሪኑ በርበሬ የተዘራበት መሰለ።

ቅዳሜ ፍሉይ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። «ፍሉይዬ፣ አትቀየመኝ፣ ታሟል» አለችው።

«የኔው? እንዴ፣ ጌም ሲያጫውት የነበረ ጀግና ነው እኮ!»

አደይ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። «ይሄ ነው ውሸታሙ?» አሉ። «አንተ አፕ ነጂ! ራስህ ያመጣኸውን ጉድ በኔ ላይ ስትጭን ሰነበትክ?»

ፍሉይ ሌላ መንገድ ስላልነበረው ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ሰው ሲያጎነብስ ቶሎ ቀና ማድረግ ወግ ነው። አደይ አልቸኮሉም፤ ጥቂት አቆዩት።

ሚሞሪው ከወጣ በኋላ ውባየሁ እንደገና አስነበበች። የሚዞረው ስህተት ጠፋ። አንድ ቦታ የረጋች ትንሽ ስህተት ግን ቀረች፤ ደግማ ብታስነብብም እዚያችው ነች። ይቺ የመነቀሉ ጠባሳ ነች። ውባየሁ ቀና ብላ ደረጃውን አየች። አደይ ላይኛው ቤት ሆነው ለጎረቤት በስልክ እንዴት ነጻ እንደወጡ ይተርካሉ። አስተካክል የሚለውን ቁልፍ ብቻዋን ተጫነችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ደግማ ስታስነብብ ስህተት የለም፣ ባዶ።

ከዚያ የታመመውን ዲስክ አውጥታ አዲሱን ከተተች። ሳጥኑ ከድምሩ እየቀነሰ የጎደለውን ሲሞላ ዋለና አደረ። ሰው እንዲህ ሲጠብቅ ወይ ይጸልያል ወይ ልብስ ያጥባል። ውባየሁ ልብስ አጠበች።

ሲያልቅ ሦስቱም ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። አዲሱ ዲስክ ላይ መጀመሪያ ያገኘችውን ቪዲዮ ከፈተች። የፍሉይ ሠርግ ሆነ። ቀጭን ፍሉይ፣ በሰፊ ሱፍ፣ ቢላ ይዞ ኬክ ሊቆርስ ቆሟል። ከካሜራው ኋላ ሳል ተሰማ።

«ጉንፋን ይዞት ነበር ያኔ» አሉ አደይ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ወፍራም፣ አዛዥ። «ፍሉይ! አትሳቅ። ቀሪውን ሂሳብ ሳትከፍለኝ ነው ኬክ የምትቆርሰው። ይሄው በካሜራ ፊት ጠይቄሃለሁ።»

ፍሉይ የውሸት አሳለ፤ የሚሸሽበት ሲያጣ ቦርሳውን አወጣ። «ውቤ፣ በእውነት ረስቼው ነው...»

አደይ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ውባየሁ እጃቸውን ቀስ ብላ መለሰችና ቦርሳውን ወደ ፍሉይ ኪስ ገፋችው።

«ተወው» አለች። «ከከፈልክ፣ ይሄ በተከፈተ ቁጥር ደበሳይ የተከፈለውን ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ሊሆን ነው። ባሌን በሐሰት ጠያቂ አታድርገው።»

ሂሳቡ አልተከፈለም።