የሸዋዬ ሠላሳ ስድስት ቁጥር

ወርቅነሽ ቤት ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ጥሩ ጫማ ግን አንድ። ጥቁር፣ ቀጭን ታኮ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር። የተገዛው በታላቋ በብርሃነሽ እግር ልክ ነው፤ የሰፋት ጥጥ ትወትፋለች ተባለ፣ አለቀ። ሰርግ ሲመጣ ለጫማው ተራ ይያዛል። በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ እንዲህ ያልኖረ ቤት ካለ አሳዩኝና ዝም እላለሁ። ይህን ፍቅር ይሉታል። እኔ ግን የሸዋዬን ቁርጭምጭሚት አይቻለሁ።

ሸዋዬ የመጨረሻዋ ናት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ እግሯ ሠላሳ ስድስት። በሰባ አራት ክረምት የቀበሌው ኪነት ቡድን ለአብዮት በዓል ታንጎ የሚባል የውጭ ጭፈራ ሊያቀርብ ተነሣ። የቡድኑ ኃላፊ ሽፈራው «የወደብ ወዛደሮች ጭፈራ ነው» ብሎ ስላስፈቀደው ማንም አልተከራከረም። ከሴቶቹ ሸዋዬን የሚያህል አልነበረም፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ እርምጃዋ ረጋ ያለ። ችግሩ ስትዞር ነው። እሷ ትዞራለች፣ ጫማው ይቀራል። አንድ ረቡዕ ልምምድ ላይ እግሯ ታጠፈ፤ ቁርጭምጭሚቷ ዳቦ አከለ።

ሽፈራው አላዘነላትም። «የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ካልቆምሽ በሌላ እተካሻለሁ» አላት።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ እያነከሰች ፒያሳ፣ ጫማ ሰፊው ኩማ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ታንጎ ልጨፍርበት ነው፤ ይህን ያጥብቡልኝ።»

ኩማ ጥጡን በወስፌ ስቦ አወጣው። «የማን ጫማ ነው?»

«የኛ።»

«ስንት እግር ናችሁ?»

«ስድስት።»

«ስድስት እግር በዚህ ታንጎ አይጨፍርም። ተቀመጪ፣ አዲስ እሰፋልሻለሁ። ያበጠው ይረፍ፣ ጤነኛውን አምጪ።»

እግሯን ወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ። «ደግ ሰዓት መጣሽ። ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይጠባል። ጣቶችሽ ይዘርጉ፣ ተረከዝሽ ግን አይላወስ። ታኮው አጠር፣ ወፈር ይላል፤ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ማሰሪያ አለው። ሶሉ ቆዳ።»

«ጎማ አይሻልም? አያንሸራትትም እኮ።»

«ለጭቃ ይሻላል። ስትዞሪ ግን ጎማ ሲሚንቶውን ይዞ ይቀራል፣ የሚጠመዘዘው ጉልበትሽ ነው። ቆዳ አብሮሽ ይዞራል።»

በሳምንቱ ዓርብ አዲሱን ጫማ ይዛ ገባች። እናቷ ወርቅነሽ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ለእህቶችሽ አይሆንም።»

«አይሆንም፣ እማዬ። የኔ ነው።»

«የኔ ማለት ደግሞ ከየት ተማርሽ?»

መካከለኛዋ ደስታነሽ ሞከረችው፤ ተረከዟ ውጭ ቀረ። ቤቱ ተኮራረፈ። እስቲ ንገሩኝ፣ መሬቱ የጋራ ሆነ፣ ስኳሩ በወረፋ ሆነ፣ እግርም የጋራ ይሁን? ሸዋዬ ጫማውን አልመለሰችውም።

ቅዳሜ ማሰሪያውን ቆልፋ በእግር ጣቶቿ ቆመች፣ ዞረች። ጫማው አብሯት ዞረ። ሽፈራው «ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ። በበዓሉም ቦታዋን ማንም አልወሰደባትም።

ከበዓሉ በኋላ፣ ሥራ ልትሄድ ስትል፣ ደስታነሽ በእርሳስ የተሰመረ የራሷን እግር ልክ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ለጋሽ ኩማ።»

ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር። የሰፋ እግር፣ አውራ ጣቱ የተጣመመ።

«ለጭፈራ አይደለም በዪልኝ» አለች ወርቅነሽ፣ ፊቷን አዙራ። «ለቤተ ክርስቲያን ነው።»