አሥራ አራት ቀን እንዳይዘል

ውሻችን የማንጎ ፍሬ ዋጠ። በምንኖርበት በመርሳ ማንጎ ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ተመጦ የተጣለ ፍሬ ነው፤ ፍየሎች ልሰውት ያልፋሉ። የእኛው ግን ዓመት ያልሞላው ቀበጥ ስለነበር አንዱን እንዳለ ሰለቀጠው። ሦስት ቀን ሙሉ አስመለሰው። በአራተኛው ቀን እናቴ የመሥሪያ ቤቷን ሹፌር ለምና ወልድያ ወሰድነው።

የእንስሳት ሐኪሙ ዕድሜውን ከበሬና ከላም ጋር የጨረሰ ሰው ነው። የውሻውን ሆድ ቀዶ ፍሬውን አወጣና በሳህን አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ ጓንቱን እያወለቀ፣ "አስታማሚው ማን ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"አሥራ አራት ቀን። አይዘልም፣ አይሮጥም፣ ሰው ላይ አይንጠላጠልም። ስፌቱ ከውስጥ ከተበጠሰ ደግሜ አልከፍተውም። አቅም የለውም፣ ይሞትብሻል። ገባሽ?"

ገብቶኛል አልኩት።

ከወልድያ ወደ መርሳ የመጣነው ባለፈው ዓመት እናቴ ስትዛወር ነው። ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ቢሮ ትውላለች፤ እኔ ትምህርት ቤት እውላለሁ፣ ግን ከሰው ጋር አልውልም። ዴስኩ ዳር ተቀምጬ ሄጄ እመጣለሁ። ስመለስ በሩ ሥር የሚጠብቀኝ፣ ደብተሬን ከእጄ ነጥቆ ግቢውን የሚዞረው እሱ ነበር። ሌላ ማንም አልነበረም።

ስፌቱን እንዳይልስ እናቴ ቢጫ ጀሪካን ከላይና ከታች ቆርጣ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። ያልገጨው ወንበር የለም። አጥር የምንጋራቸው እማማ ሰጋጅ ስለሆኑ ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው ድሮም ይሸሹታል፤ የዚያን ቀን ግን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"አላህ ያሽረው። ይኼ ጀሪካን ግን ምንድን ነው፣ ውሃ ሊቀዳ ነው?"

"ስፌቱን እንዳይልስ ነው፣ እማማ።"

"እኔ የተሰፋሁ ጊዜ ማንም ጀሪካን አላጠለቀልኝም።"

"አንቱማ አይልሱም።"

"ማን ነገረሽ?" ብለው ገቡ።

ስሙን ሲሰማ ስለሚዘል ስሙ ቤት ውስጥ ተከለከለ። እናቴ "ያ ሰውዬ" ትለው ጀመር። አሁንም እጄ መተዉን ስለለመደ ስሙን እዚህ ልጽፈው አልቻልኩም። ዋናው ችግር ደስታው ነው። ደስ ካለው ይዘላል፣ ከዘለለ ይበጠሳል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ደስ እንዳይለው ማድረግ ነበር። ከጓዳ ስመለስ አላየውም። ጭራው ምንጣፉን መምታት ሲጀምር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀስ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ምን እንዳጠፋ ሊገባው አልቻለም፤ እኔም ልነግረው አልቻልኩም።

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ስለነበር ለክፍላችን ኃላፊ መምህር ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። መጀመሪያ "ውሻችን" ብዬ ጻፍኩና አፈርኩ። ሰረዝኩት። እሱን ቃል ከሰረዝኩ በኋላ ግን ሌላው በራሱ ይመጣ ጀመር፦ "በቤታችን ሕመምተኛ አለ። ሆዱ ተቀዶ ተሰፍቷል። እናቴ ሥራ ስለምትውል ትንፋሹን የምቆጥረው እኔ ነኝ። የምበላው ሲተኛ ነው፤ ሲነቃ ሰላም ልለው እፈራለሁ።" እያለ አንድ ገጽ ሞላ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ፈተና ካልሆነ በቀር አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም፤ እንዲህ መጻፍ እንደምችል ማንም አልነገረኝም ነበር።

እናቴ ልትፈርም ስታነበው፣ "ማን መሆኑን አልጻፍሽም" አለች።

"ውሸት አለው?"

"የለውም" አለች እያሰበች፣ ፈረመችና ወደ ሥራ ስትሄድ አደረሰችልኝ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። የሚያንኳኳብን ሰው ስለሌለ ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ "ቤቶች!" አለ የብዙ ሰው ድምፅ። ጀሪካኑ ቀና አለ። የቤቱን በር ቀረቀርኩበትና ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ወጣሁ፤ ቆርቆሮውንም ከኋላዬ ዘጋሁት።

ስምንት የክፍሌ ልጆች ቆመዋል። ከፊት የክፍል አለቃዋ ነበረች፣ ዓመቱን ሙሉ ስሜን አቴንዳንስ ላይ ብቻ የጠራችው። ፌስታል ይዛለች፤ ፊቷ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ነው።

"ተሻለው?" አለችኝ ዝግ ብላ።

"ደህና ነው። እንዴት መጣችሁ?"

"ቲቸር ደብዳቤሽን አነበበልን። እሷማ አለቀሰች" አለች ጓደኛዋን እያሳየች።

"አንቺ አላለቀስሽም?" አለች ጓደኛዋ።

እኔ በጻፍኩት ነገር አልቅሰዋል። ለአፍታ ስፌቱንም ሐኪሙንም ረሳሁ። እዚያው ቆመው ስለ ደብዳቤው ሌላ ነገር እንዲሉኝ ፈለግሁ።

"እንግባና እንየው እንጂ" አለ ከኋላ አንድ ረጅም ልጅ። "ወንድምሽ ነው?"

አዎ ማለት እችል ነበር። ተኝቷል ብላቸው በሩ ላይ ትንሽ አውርተን ይሄዱ ነበር፤ በማግስቱም "እንዴት አደረ?" የሚለኝ ሰው ይኖር ነበር። ግን ያን ውሸት ከጀመርኩት በኋላ እንዴት እንደምጨርሰው አልታየኝም።

"ውሻችን ነው" አልኩ።

አለቃዋ ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረች።

"ውሻ? የእውነት ውሻ?" አለች አለቃዋ።

"የማንጎ ፍሬ ውጦ ነው።"

ሁሉም ዞረው ፌስታሉን አዩት። ያመጡልኝ ማንጎ ነበር። ሳቁ ፈነዳ። ረጅሙ ልጅ አጥሩን ተደገፈ።

"እናቴ እኮ ጠበል ልትልክለት ነበር" አለች ጓደኛዋ።

"ላኪለት፣ ጀሪካን ስጧት" አለ አንዱ፣ እቤት ያለውን ጀሪካን ሳያውቅ።

ክፋት አልነበረውም። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ከኋላዬ፣ ከቤት፣ ጀሪካኑ በሩን ሲመታ ሰማሁ። ጓ። ጓ። የልጆች ሳቅ ሰምቷል።

"እባካችሁ ሂዱ" አልኩ።

"ኧረ ቀልድ ነው፣ አትቆጪ።"

"አልተቆጣሁም። ድምፃችሁን ሲሰማ ይዘላል። ሂዱልኝ፣ አሁን።"

"ጠያቂ ይባረራል እንዴ?" አለች አለቃዋ። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጥቂት እንደሄዱ እንደገና መሳቅ ጀመሩ።

ስገባ በኋላ እግሮቹ ቆሞ በሩን ተደግፏል። ስፌቱ የተሸፈነበት ጨርቅ ላይ ደም አለ፣ የሳንቲም ያህል። በቀስታ አስተኛሁትና እኔም ከጎኑ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፤ ክንዴን ጣል አድርጌበት ልቡ እስኪረጋ ቆየሁ። የልጆቹ ሳቅ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እዚያ ሲደርስ ባጃጅ ዋጠው።

ቁስሉን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለሐኪሙ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

"ቆዳው ነው የደማው፣ ውስጡ የያዘ ይመስለኛል። ከእንግዲህ ግን ሰው አታስገቢ።"

"ሰው አይመጣም" አልኩት።

አልመጣምም። ማንጎውን በአጥሩ ላይ ለእማማ አቀበልኳቸው፤ "አትስጊ፣ ፍሬውን አልውጠውም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን እኔና እሱ ነበርን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብለት እንደሚተኛ ያወቅሁት ያኔ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፉን ጨረስን። የሚነበብ ሲያልቅ ራሴ እየጻፍኩ አነብለት ጀመር፦ ስለ አጥሩ፣ ወደ ሲሪንቃ ስለሚያልፉት መኪኖች ጥሩምባ፣ ስለ ስምንቱ ልጆች። በተለይ ስለ ልጆቹ የጻፍኩት ደስ አለኝ፤ የረጅሙን ልጅ አሳሳቅ በትክክል ይዤዋለሁ። ቀና ስል እሱ ተኝቷል። "ሰማህ?" የምለው ሰው አልነበረኝም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሐኪሙ ለከብት ክትባት መርሳ መጥቶ ስለነበር ወደ ቤታችን ጎራ አለ። ክሮቹን አንድ በአንድ መዘዘ፣ ሆዱን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ "ይዟል፤ በርቺ" አለኝ። ከዚያ ጀሪካኑን ራሱ አወለቀለት። "ልቀቂው።"

ክሩ ሲመዘዝ እንዳይንቀሳቀስ ያሰርኩበትን ገመድ ፈታሁት። ትንሽ ቆመ፣ ራሱን አራገፈ፣ ከዚያ እኔን አልፎ፣ ሐኪሙን አልፎ፣ በተከፈተው በር ወጣ። ሜዳው ድረስ በሩጫ ተከተልኩት። የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ መሀላቸው ገብቶ ኳሱን ያሳድዳል።

"ይናከሳል?" አለኝ አንዱ።

"አይናከስም።"

"ክፍሉ ሁሉ ያለቀሰለት እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

ልጁ ሳቀና ወደ ጨዋታው ሮጠ። ውሻው ተከተለው፤ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ሆዱ ላይ ፀጉር የሌለው ቦታ ሲዘል ብልጭ ይላል። ገመዱን እጄ ላይ ጠቅልዬ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ እስኪደክመው ልጠብቀው። አልደከመውም።