ከድልድዩ የሚወድቀው ሰውዬ

የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ጌም ሲጫወቱ አጠገባቸው ከተቀመጥኩ አይለቁኝም። «እማማ፣ የአጎታችንን ጌም ቤት ንገሪን» ይሉኛል። እኔም የሚያስቀውን ብቻ ነግሬያቸው ወሬ እለውጥ ነበር። ዘንድሮ ግን ትልቋ «እስከ መጨረሻው ንገሪን፤ ባይሆን ጻፊው» ብላ ደብተር አመጣችልኝ። ልጄን ብርሃኑን ጠየቅኩት። እሱ ሁሉንም ያውቃል። «ጻፊው እማዬ፤ ሌላ ሰው ቢማርበት ምን አለ» አለኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነውና ታገሱኝ። ስማችንን ቀይሬዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ቴፒ ነው፤ ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት። ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድ ቃል ተናግሬ ስለሄድኩ ነው። ቃሉን ቦታው ላይ ስደርስ እጽፈዋለሁ።

እግሬ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ልጆቼ ሚዛን፣ ማሻና ቴፒ ተበታትነው ይኖሩ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር ነው የኖርኩት። ወደ ቴፒ ስወርድ የማሻ ማር፣ ስመለስ ኮረሪማና ሙዝ እሸከማለሁ። ሁለት ሳምንት ከቆየሁ «እማዬ ጫማዋን ማየት ጀመረች» እያሉ ይስቁብኛል።

የመጨረሻው ልጄ ብርሃኑ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቡና እርሻ ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ቤት ተከራየና ጌም ቤት ከፈተ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የጭቃ ግድግዳ። ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ልጆቹ ሁሉ የሚጫወቱት ኳስ ነበር።

አንድ ጊዜ ስሄድ ግን ኳሱን ትተው አንዱ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለዋል። ሾፌር ከጅማ ያመጣለት አዲስ ሲዲ ነው። እኔ ፊልም መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ጫካው! ሐረጉ ከዛፍ ዛፍ ተንጠልጥሎ፣ ጉሙ ከሥር እየተነሣ፣ ወንዙ ታች አረፋ እየደፈቀ። ልጅ ሆኜ ሸኮ የማውቀው ጫካ ነው።

«ይሄን የት ሄደው ነው ያነሡት?» አልኩ።

«እማማ፣ ተሥሎ ነው እንጂ አልተነሣም» አለኝ ሳሚ። ሳሚ የብርሃኑ ጓደኛ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ቤት አይጠፋም።

ጫካው ውስጥ ሰይፍ የያዘ ሰውዬ ይሮጣል፤ ይመታል፤ ይመታል። ከዚያ ገደል አለ፣ ገደሉ ላይ የገመድ ድልድይ። ድልድዩ ላይ ሲረግጥ ጣውላው አንድ በአንድ ይሰበራል፤ እየዘለለ መሻገር አለበት። ታዲያ ያን ያህል አምሮ የተሠራ ሰውዬ የታዘዘውን አይሰማም። ዝለል ሲሉት ይቆማል፣ ቁም ሲሉት ይዘላል። ቁልፉን ከተጫኑት በኋላ አስቦበት ነው የሚነሣው። እስኪያስብ ጣውላው ይሰበርና እጁን እያርገፈገፈ ገደል ይገባል።

የቤቱ ሕግ ደግሞ የወደቀ ለተረኛ ይነሣል፣ የተሻገረ እየተጫወተ ይቀመጣል ነው።

«ቀሽም! ተነሣ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ደንቆሮ ነው!»

«ደንቆሮስ አንተ፤ እሱማ ጎበዝ ነው፣ አንተን ይዞ እዚህ ድረስ መጣ!»

ብርሃኑ ሳቀና «እማዬም ትሞክር» ብሎ ጆይስቲክ የሚሉትን፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን ነገር፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «እማማ በርቺ! እማማ በለው!» ቤቱ ተናወጠ። አውራ ጣቴን ይዞ እያስጫነኝ ሰውዬው ሮጠ፤ ድልድዩ ላይ ወጣ። ይህን ጊዜ እጄ ውስጥ ያለው ነገር ድርርር አለ። እንደ ንብ ቀፎ። ጮኼ ወረወርኩት።

«ኤሌክትሪክ ወጥቷል! ነዘረኝ!»

ልጆቹ ከወንበር እስኪወድቁ ሳቁ። የልጅ ልጆቼ የሚወዱት ይህን ቦታ ነው።

ብርሃኑ አነሣውና በሁለት እጁ ያዘው። ሰውዬውን ድልድዩ ላይ አወጣው። ጠበቀ። ሰውዬው ገደል ገባ። «የቱ ነው የሚነዝረው እማዬ? ምንም የለውም እኮ» አለ። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረ። «ሳሚ፣ ላንተ ይነዝርሃል?»

«ኧረ ምንም!» አለ ሳሚ። «እማማ እጃቸው በእርጅና ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ነው።»

እንደገና ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እርጅናዬን አምኜ ተቀበልኩ ማለት ነው።

በማግስቱ ለምሳ እጁን ሳስታጥበው ክንዱ ላይ ነጣ ያለ ነገር አየሁ፤ የሁለት ጣት ስፋት ያለው። ሌላም ከክርኑ በላይ።

«ቋቁቻ ወጥቶብሃል» አልኩት። «ያሳክክሃል?»

«ኧረ፣ ምንም አይለኝም።»

«ካላሳከከህ ደግ ነው።»

ቃሉ ይኼ ነው። ካላሳከከህ ደግ ነው። ሎሚ ቆርጬ አሸሁለት። «በየቀኑ እሸው፣ ይጠፋል» ብዬ በሦስተኛው ቀን ወደ ማሻ ሄድኩ።

ስምንት ወር ግድም ቆይቼ ስመለስ ሳሚና ሌሎች ሁለት ልጆች ድልድዩን ይሻገራሉ። ብርሃኑ ግን አሁንም ይወድቃል። እልህ ይዞታል። ጆይስቲኩ ሞቷል ብሎ በመፍቻ በታትኖ ገጠመው፤ ከጅማ ሌላ አስመጣ፤ እሱም ያው ሆነበት። «ይሄ ጌም በደንብ አልተሠራም፤ መልክ ብቻ!» እያለ ይሳደባል። ብርጭቆ ከእጁ ያመልጠዋል። የሸሚዙ ቁልፍ ሁልጊዜ አንዱ ክፍት ነው። «ቁልፍህን ዝጋ እንጂ፣ ትልቅ ሰው!» ስለው «ቸኩዬ ነው» ይላል።

አንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በዝናብ መብራት ጠፋ። ከውጭ በቆርቆሮው ጥግ ጄኔሬተር ነበረው። አስነሥቶት ትንሽ እንደሠራ ጠፋበት፤ ተመልሶ ሄደና በቀኝ እጁ ገመዱን ይስባል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሥጋ ሸተተኝ። አጠገባችን ሥጋ ቤት አለና ለማን ይሆን የሚጠበሰው ብዬ አሰብኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት። ቀና ስል ግራ እጁን የጭስ ማውጫው ብረት ላይ ተደግፎበታል። ከጣቶቹ መሐል ጭስ ይወጣል።

«ብሬ! እጅህ! እጅህ!»

ገመዱን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። «እጄ ምን ሆነ?» አለ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ አየ። እጁን ሲያነሣው ቆዳው ብረቱ ላይ ቀረ። አልጮኸም። የሚያስጮኸው ሕመም አልነበረማ። የጮህኩት እኔ ነኝ። ሳሚ ከውስጥ ሮጦ ወጣና እጁን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

በነጋታው በጠዋቱ መኪና ሚዛን ወሰድኩት። ሐኪም ቤት ቁስሉን ካሰሩለት በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል አስገባን። ጥጥ በእጁ ይዟል። «ዓይንህን ጨፍን፤ በጥጡ ስነካህ እዚህ ጋ በል» አለው። ብርሃኑ ጨፈነ። ባለሙያው ያልታሰረውን ቀኝ እጁን አውራ ጣቱን ነካ። መዳፉን ነካ። አምስቱን ጣት አንድ በአንድ ነካ። ልጄ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ እንደ ጨዋ ተማሪ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። ባለሙያው ጨርሶ ጥጡን ጣለው።

«መቼ ነው የምትጀምረው?» አለ ብርሃኑ።

ባለሙያው እኔን አየኝ።

ክንዱ ላይ ያለውንም ነጭ ነገር ነካካው፤ «የማያሳክከው ስለደነዘዘ ነው» አለ፤ ክርኑ ላይ ጅማቱን ጨበጠው። ከዚያ የበሽታውን ስም ነገረን፤ ሥጋ ደዌ። በእኛ አገር ያ በሽታ ያለበት ሰው ከመንደር ወጥቶ ለብቻው ጎጆ ሲሠራለት አይቻለሁ። ባለሙያው ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «እናቴ፣ ይድናል። መድኃኒቱን ከጀመረ ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሞተውን ጅማት ግን መድኃኒቱ አያስነሣውም» አለኝ። ወደ ልጄ ዞሮ «መደንዘዝ የጀመረህ መቼ ነው?» ሲለው ብርሃኑ የታሰረ እጁን አገላብጦ አየ።

«እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ጆይስቲኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር እኮ።»

ስለ ጌሙና ስለ ስምንቱ ወር ነገረው። ባለሙያው ቀስ ብሎ «ያኔ ብትመጣ ጣቶችህ ይተርፉ ነበር» አለ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቴፒ ገብቷል። የእሱ እጅ የነካውን ጆይስቲክ የሚይዝ ጠፋ። አንዷ እናት ልጇን በር ላይ ቆማ እጁን በሳሙና ስታጥበው በዓይኔ አየሁ። ሳሚም አልመጣም። ቴሌቪዥኖቹ ለሌላ ሰው ተሸጡ፤ ያ ሲዲ ግን ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ብርሃኑ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨርሶ ድኗል። ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀርተዋል። አሁን ሸኮ ትንሽ ቡና አለው። ገጀራውን በጨርቅ ከእጁ ጋር አስሬለት ነው የሚመነጥረው። ቡና ሲለቅም ዓይኑ ካላየለት ጣቱ መያዙን አያውቅም። ሚስት አላገባም። እኔም መዞር ትቼ ከእሱ ጋር ነኝ። ሎሚ በቤቴ አይገባም። «ምን አደረገሽ ሎሚው?» ብሎ ይስቅብኛል። እኔ ግን ያ ቃል የእኔ ነው፤ በማንም አላላክከውም፤ እስከ መቃብሬ ይዤው እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከቴፒ ወደ ሚዛን ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ሳሚ ሆኖ ተገኘ። ጎልምሷል፣ ጢም አብቅሏል። ከፊት ከጎኑ አስቀመጠኝ። ስለ ብርሃኑ አልጠየቀኝም። መንገዱን አጋምሰን ሌሎቹ ሁሉ ሲያንቀላፉ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

«እማማ፣ ያ ጆይስቲክ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ጣውላው ሊሰበር ሲል፣ ሥዕሉ ሳያሳየን በፊት በእጃችን ይንቀጠቀጣል። በዓይኑ እስኪያይ የጠበቀ ይወድቃል። ሲንቀጠቀጥ የተጫነ ይሻገራል። ሦስታችን ነቅተንበት ነበር፤ የተሻገረ አይነሣማ፣ ስለዚህ ለማንም እንዳንናገር ተማማልን። እርስዎ የጣሉት ቀን ብርሃኑ ሲጠይቀኝ እንዳይነቃብን ብዬ ዋሸሁ።» መሪውን ጨበጠ። «ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ለብቻዬ ጠርቶኛል። ‹ሳሚ፣ በእናትህ፣ እውነት ላንተም አይንቀጠቀጥም?› አለኝ። ፈርቶ ነበር እማማ፤ ያኔ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። አይንቀጠቀጥም አልኩት።»